አበዳሪው ዳኛ

አሜሪካ የምንኖር ሰዎች ካውንቲ የሚባለውን ነገር ብዙውን ጊዜ የምናውቀው በሦስት ወረቀት ነው። አንዱ የትራፊክ ክስ ነው፤ ይህንን በታክሲ ሥራ የምንተዳደረው ከማንም ይበልጥ እናውቀዋለን። ሁለተኛው የቤት ግብር ማስታወቂያ፣ ሦስተኛው ዜግነት የወሰደውን ሰው ለጁሪነት የሚጠራው ደብዳቤ ነው። ወረቀቱ ሲመጣ ተከፍቶ ይነበባል፣ የሚከፈለው ይከፈላል፣ ከዚያ ይረሳል። አገር ቤት የታሪክ መምህር ሳለሁ የመማሪያ መጽሐፋችን ስለ አሜሪካ የሚነግረን ስለ ፕሬዚዳንቶቿና ስለ ጦርነቶቿ ነበር። ካውንቲ እንዴት እንደሚቆረቆር፣ የመጀመሪያው ዳኛ ከየት መጥቶ ወንበሩ ላይ እንደሚቀመጥ አንድም መስመር አልነበረበትም። እዚህ ከመጣሁ በኋላ ተሳፋሪ በጠፋበት ሰዓት መኪና ውስጥ ተቀምጬ ካነበብኳቸው ታሪኮች ሁሉ ከአእምሮዬ ያልወጣው ግን የአንድ የካውንቲ ዳኛ ታሪክ ነው። ዛሬ ላካፍላችሁ የፈለግሁት ይህንኑ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሰውየው ዊሊያም ኩፐር ይባላል። ኒውዮርክ ስቴት ውስጥ፣ ከኦልባኒ በስተ ምዕራብ፣ ኩፐርስታውን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። የቤዝቦል ሙዚየም ከ1939 ጀምሮ እዚያ ስላለ እዚህ የተወለዱት ልጆቻችን ስሟን ሳይሰሙ አይቀሩም። ከተማዋ የተሰየመችው በቤዝቦል ተጫዋች ስም የሚመስላቸው ሰዎች አጋጥመውኛል። አይደለም፤ የተሰየመችው በዚሁ ዳኛ ስም ነው። ለዚያውም ስሙን የሰጣት ራሱ ነው።

ኩፐር የተወለደው በ1754 ፊላዴልፊያ አጠገብ ባይቤሪ በተባለ ቦታ፣ ከድሃ የኩዌከር ቤተሰብ ነው። ኩዌከሮች ጦርነትን የሚጠሉ፣ በልብስና በኑሮ ቀለል ማለትን የሚወዱ የክርስትና እምነት ተከታዮች ናቸው። ወጣቱ ዊሊያም የተማረው ሙያ የሠረገላ መንኮራኩር መሥራት ነበር። የቀለም ትምህርቱ እምብዛም ነው፤ ትልቅ ሰው ከሆነ በኋላ እንኳ የሚጽፋቸው ደብዳቤዎች በፊደል ግድፈት የተሞሉ ነበሩ። በ1774 ኤልሳቤጥ ፌኒሞር የምትባል፣ ከሱ የተሻለ ኑሮ ካለው ቤት የተወለደች ልጅ አገባና በኒውጀርሲ በርሊንግተን ከተማ ሱቅ ከፈተ። ሱቅ የከፈተ ሰው ደግሞ ሁለት ነገር ይማራል፤ ዱቤ መስጠትና ዱቤ መሰብሰብ። የኩፐርን የኋላ ታሪክ የሚያስረዳን ይህ ትምህርቱ ነው ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ መሬቱ እንሂድ። ሳስኩዌሃና የሚባለው ትልቅ ወንዝ የሚነሣው ኦትሴጎ ከሚባል ሐይቅ ነው። በዙሪያው ያለው አገር ተራራማና ደን የለበሰ፣ የኢሮኮይ ሕዝቦች የሚያድኑበትና የሚመላለሱበት ምድር ነበር። በ1768 እንግሊዞች ከኢሮኮይ መሪዎች ጋር ፎርት ስታንዊክስ በተባለ ምሽግ ውል ተዋዋሉ፤ በዚህም ጊዜ ጆርጅ ክሮጋን የሚባል አየርላንዳዊ ነጋዴና የመሬት አጫራች በሐይቁ ዙሪያ ሰፊ መሬት በስሙ አስጻፈ። ክሮጋን ግን ከአፉ እስከ እግሩ በዕዳ የተዘፈቀ ሰው ነበርና መሬቱን መያዣ አድርጎ ተበደረ። ሳይከፍልም በ1782 ሞተ። በመካከሉ የነጻነቱ ጦርነት ተነሥቶ አገሩ ነደደ። በ1778 በአቅራቢያው ባለችው ቼሪ ቫሊ መንደር ብዙ ሰው ተፈጀ። በተከታዩ ዓመት የዋሽንግተን ጦር የኢሮኮይን መንደሮችና የበቆሎ ማሳዎች ሊያቃጥል ሲዘምት፣ ጄኔራል ጄምስ ክሊንተን የኦትሴጎን ሐይቅ መውጫ በግድብ ዘግቶ ውሃው ከሞላ በኋላ ግድቡን አፈረሰውና ጀልባዎቹን በጎርፉ ላይ አስኪዶ ወደ ታች ወረደ።

ይህን የማወሳው ያለ ምክንያት አይደለም። ኩፐር በስተርጅናው የጻፈው ትንሽ መጽሐፍ አለ፤ እሱ ከሞተ በኋላ በ1810 ደብሊን ላይ ታትሟል። በ1785 ብቻውን በፈረስ ወደ ኦትሴጎ እንደ ሄደ፣ ሰው የሚባል እንዳልነበረበት፣ ዓሣ አጥምዶ በፍም እየጠበሰ እንደ በላ፣ ካፖርቱን ለብሶ ጫካ ውስጥ እንዳደረ በዚያ መጽሐፍ ይተርካል። ታሪኩ ያምራል። ነገር ግን አገሩ ባዶ የሆነው እግዚአብሔር ባዶ አድርጎ ስለ ፈጠረው አልነበረም፤ ስድስት ዓመት ብቻ ቀደም ብሎ በጦር ስለ ተጠረገ ነው። አቅኚ የሚባል ሰው «ሰው አልነበረበትም» ሲል ከዚያ በፊት ማን ነበር ብሎ መጠየቅ የታሪክ ተማሪ ግዴታ ነው።

ኩፐርና አንድሩ ክሬግ የተባለ ሸሪኩ ያደረጉት እንዲህ ነው። የሟቹን የክሮጋንን የዕዳ ሰነድ ከያዙት ሰዎች በርካሽ ገዙ። ሰነዱን ይዘው ዕዳው ይከፈለን አሉና በጥር ወር 1786 መሬቱ በሸሪፍ ሐራጅ ተሸጠ፤ ገዢዎቹም ራሳቸው ሆኑ። የክሮጋን ወራሾች ሐራጁ ተጣድፎ፣ እኛ ሳንደርስ ተካሄደ ብለው ተከራከሩ፤ ክርክሩም እየተንከባለለ ለዓመታት ቆየ። የወደፊቱ ዳኛ ሀብት የተመሠረተው እንግዲህ በአንድ የተቻኮለ ሐራጅ ላይ ነው። ለሽያጭ ያቀረበው መሬት 40,000 ኤከር ያህል ነበር፤ በእኛ ስፈራ 400 ጋሻ ገደማ መሆኑ ነው።

በዚያ ዘመን በሐድሰን ወንዝ ዳር የነበሩት ትልልቅ ባለመሬቶች መሬት አይሸጡም፤ ያከራያሉ። ገበሬው ልጅ ከልጅ ልጅ ጭሰኛ ሆኖ ይኖራል። ኩፐር ግን ሸጠ። በግንቦት 1786 ሽያጩን ከፍቶ በ16 ቀን ውስጥ መሬቱን በሙሉ፣ ያውም ለድሆች ሸጬ ጨረስኩ ይላል። አብዛኞቹ ገዢዎች ከኒው ኢንግላንድ የመጡ፣ መሬት የጠበባቸው ወጣት ገበሬዎች ነበሩ። ገንዘብ የላቸውም። ኩፐር የባለቤትነቱን ሰነድ ዛሬውኑ ይሰጣቸዋል፤ እነሱ ደግሞ መሬቱን መልሰው በመያዣ ያስይዙለታል፤ ዋናውን ዕዳ ለመክፈል አሥር ዓመት ያህል ጊዜ ያገኛሉ። ቤት በሞርጌጅ የገዛችሁ አንባቢያን ነገሩ ይገባችኋል። ሰነዱ በስምህ ነው፤ እንቅልፍህ ግን በባንኩ ስም ነው። ኩፐር ሰውን ያወቀ ነጋዴ ነበር። ጭሰኛ የሰው ደን አይመነጥርም፣ ባለቤት ግን እስኪሞት ይሠራል የሚል ሐሳብ ነበረው፤ በዚህም ትክክል ነበር። ለራሱም ጥሩ ጥሩውን ቦታ አስቀርቶ ከርሞ በውድ ልሽጥ አላለም፤ ሰው ሰውን እንዲስብ ሁሉንም ከፈተው።

ከዚያ ረሃብ መጣ። የ1789 ጸደይ በኦትሴጎ ክፉ ነበር። ሰፋሪዎቹ ገና ደኑን ጨርሰው ስላልመነጠሩ ያመረቱት አልበቃቸውም፣ ኦልባኒ ላይ የእህል ዋጋ ተሰቅሏል፣ መንገዱም ጭቃ ነው። ኩፐር በሚያዝያ ለራሱ ቤትና ለሠራተኞቹ ስንቅ ጭኖ መጣ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ አንድ ቁራሽ አልተረፈውም። ሰው የዱር ሽንኩርት ሥር እየቆፈረ በላ፤ ላም ያለው በወተት ዋለ፤ ሌላው ሜፕል ከሚባለው ዛፍ የሚወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ በውሃ እየበጠበጠ ጠጣ። በዚህ መካከል ሄሪንግ የሚባል ዓሣ በመንጋ ሆኖ ወንዙን ሽቅብ ወጣ። ኩፐር ሰዎቹን ሰብስቦ ከቀጫጭን ቅርንጫፍ ወንፊት መሰል ወጥመድ ጎነጎኑና ዓሣውን በሺህ እየዛቁ አወጡት፤ እሱም ጨው አከፋፈለ። ከስቴቱ ምክር ቤትም ለምኖ 1,700 ቡሽል በቆሎ አገኘ፤ ከ400 ኩንታል በላይ መሆኑ ነው። በቆሎው በፈረስ ጀርባ ተጭኖ መጣና ለየቤቱ በሰው ቁጥር ታደለ።

ረሃብን በዓይኑ ያየ ወይም በስደት መንገድ ላይ ቁራሽ የተቀበለ አንባቢ ይህን እንደ ተራ ነገር አያልፈውም። እህል የሰጠህን ሰው ፊቱን አትረሳውም። ኩፐር በልቡ ደግ ነበር ወይስ ባለ ዕዳዎቹ ጥለውት እንዳይሄዱ ነው ያበላቸው ብለው የሚከራከሩ አሉ። እኔ ሁለቱም እውነት ይመስለኛል። ሰፋሪው መሬቱን ጥሎ ከሄደ ኩፐር ይከስራል፤ ሆኖም እያረሰ የሚሞት ሰው ፊት ቆሞ ሒሳብ ብቻ የሚያሰላ ሰው ወንዝ ውስጥ ገብቶ ዓሣ አይዝቅም። ለታሪኩ የሚጠቅመው ሌላ ነው። ከዚያ ጸደይ በኋላ ኦትሴጎ ውስጥ አብዛኛው ሰው ለአንድ ሰው ሁለት ነገር ባለ ዕዳ ሆነ፤ አንደኛው በወረቀት የተጻፈ፣ ሁለተኛው ያልተጻፈ።

ስለ ሜፕሉም ጥቂት ልበል። ኩፐር ከዚህ ዛፍ ስኳር አዘጋጅቶ ለገበያ የማቅረብ ትልቅ ሕልም ነበረው፤ ለሰፋሪዎቹም ማፍያ ድስት አበደራቸው። ፊላዴልፊያ ያሉት ኩዌከሩ ነጋዴ ሄንሪ ድሪንከርና ሐኪሙ ቤንጃሚን ረሽ ሐሳቡን በደስታ ተቀበሉት። ምክንያታቸው የሚያስከብር ነው፤ የነጻ ገበሬ ስኳር ከተገኘ በካሪቢያን ደሴቶች በባሪያ ጉልበት የሚመረተው የሸንኮራ ስኳር ገበያ ያጣል ብለው ነው። ጄፈርሰን ራሱ በ1791 የሜፕል ችግኝ አስገዝቶ ግቢው ውስጥ አስተከለ፤ የተከሉለት ግን ባሪያዎች ናቸው። ዛፉ የሚሰጠው አየሩ ሲስማማው ብቻ ነውና ንግዱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከሸፈ።

ወደ ዳኝነቱ ልመለስ። የካቲት 16 ቀን 1791 የኦትሴጎ ካውንቲ ከሞንትጎመሪ ካውንቲ ተቆርጦ ራሱን ቻለ። በማግስቱ ዊሊያም ኩፐር የካውንቲው የመጀመሪያ ዋና ዳኛ ሆኖ ተሾመ። ሕግ አልተማረም፤ በዚያ ዘመን ለካውንቲ ዳኝነት አያስፈልግም ነበር። የካውንቲው መቀመጫ ማን ትሁን በሚለው ላይ ቀድማ የተቆረቆረችው ቼሪ ቫሊ ነበረች፤ ያሸነፈችው ግን የኩፐር መንደር ናት። ፍርድ ቤቱም ተሠራ። ምድር ቤቱ ከተጠረበ ግንድ የቆመ እስር ቤት፣ ላዩ ችሎት። የመጀመሪያው ሸሪፍ ሪቻርድ ስሚዝ ከበርሊንግተን የመጣ የኩፐር ወዳጅና በመንደሩ ሱቅ የከፈተ ሰው ነበር።

ለመሆኑ ይህ ችሎት ምን ያይ ነበር? በጠረፍ አገር ነፍስ ግዳይ በየቀኑ የሚዳኝ የሚመስለን በፊልም ምክንያት ነው። የካውንቲ ችሎት ዋና እንጀራው የዕዳ ክስ ነበር። እገሌ ለእገሌ ይህን ያህል አልከፈለም፤ ፈረሱ ይያዝ፣ በሬው ይሸጥ፣ ካልሆነም ይታሰር። ያን ጊዜ በኒውዮርክ ዕዳ ያልከፈለ ሰው ይታሰር ነበር። አሁን ያንን አዳራሽ በዓይነ ኅሊናችሁ ሳሉት። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው የካውንቲው ትልቁ አበዳሪ ነው። ከፊቱ ከቆሙት ተከራካሪዎች፣ ጎን ከተደረደሩት ጁሪዎች ብዙዎቹ መሬታቸውን ለሱ በመያዣ የሰጡ፣ ከሱ ጎተራ የበሉ ናቸው። ኩፐር ጉቦ በላ የሚል ማስረጃ አላነበብኩም። ግን ጉቦ ምን ያደርግለታል? በዚያ ክፍል ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ፊቱን እያየ ነው የሚናገረው።

ነገሩ ያፈጠጠው በ1792 ነው። በዚያ ዓመት የኒውዮርክ ስቴት አገረ ገዥ ምርጫ ተካሄደ። ከ1777 ጀምሮ በሥልጣን ላይ የነበረው ጆርጅ ክሊንተን በአንድ በኩል፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዋና ዳኛ ጆን ጄይ በሌላ በኩል ቀረቡ። ኩፐር ፌዴራሊስት ነበርና ከጄይ ጋር ቆመ፤ ዳኝነቱን ያገኘው ግን በክሊንተን አስተዳደር ጊዜ ነው። በስቴቱ ሕገ መንግሥት መሠረት ለአገረ ገዥ ድምፅ የሚሰጠው 100 ፓውንድ የሚያወጣ የራሱ መሬት ያለው ወንድ ብቻ ነው፤ ያውም በመሬቱ ላይ ያለው ዕዳ ከተቀነሰ በኋላ። ልብ በሉ። በኦትሴጎ የማን መሬት ዕዳው ተቀንሶ ስንት እንደሚያወጣ ከማንም በላይ የሚያውቀው ማን ነው? መዝገቡ ኩፐር ቤት ነው።

ከምርጫው በኋላ ተቃዋሚዎቹ ምስክር አስቀርበው በመሐላ አስነገሩ። ዳኛው ከመራጭ መራጭ እየዞረ፣ አንዱን በማባበል፣ ሌላውን በማስፈራራት፣ እንደኔ ካልመረጥክ ዕዳህን አሁኑኑ ክፈል ይል ነበር ተባለ። አንድ ወጣት መራጭማ ምርጫህን ከአንተ ይልቅ እኔ ባለሥልጣኑ አውቅልሃለሁ የሚል መልስ እንደ ሰጠው መሰከረ። እኔ ከዛቻው ይልቅ የገረመኝ ይህ የመጨረሻው ነው። ዛቻ ክፉ መሆኑን የሚዝትም ያውቀዋል። አውቅልሃለሁ የሚል ሰው ግን ጥሩ የሠራ ነው የሚመስለው። ያበላኋቸው፣ ያሰፈርኳቸው፣ መንገድ ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ፤ ታዲያ ድምፃቸው የማን ሊሆን ኖሯል?

ውጤቱም አስቂኝም አሳዛኝም ሆነ። የኦትሴጎ ድምፅ በብዙ ብልጫ ለጄይ ነበር። ሣጥኑን ወደ ኒውዮርክ ከተማ ያስላከው ያው ሸሪፍ ስሚዝ ነው፤ ይሁን እንጂ የሹመት ዘመኑ ካበቃ ሰንብቷል፣ ተተኪው ደግሞ ገና ሥራውን አልተረከበም ነበር። በክሊንተን ወገኖች ብልጫ የተያዘው የቆጣሪዎች ጓድ ሥልጣን የሌለው ሰው የላከውን አንቆጥርም ብሎ የኦትሴጎን ድምፅ ሣጥኑ እንደ ታሸገ ጣለው። ክሊንተን በ108 ድምፅ አሸነፈ። የኦትሴጎ ተቆጥሮ ቢሆን ጄይ ያሸንፍ ነበር። እንግዲህ መራጩ ሁለት ጊዜ ተቀማ፤ መጀመሪያ በዳኛው ቁጣ፣ ቀጥሎ በቆጣሪዎቹ ብልጠት። ሁለቱም ወገን ሕግ ጠቅሷል። ኩፐርን ከዳኝነት እናውርደው የሚል አቤቱታ ለስቴቱ ምክር ቤት ቀርቦ በ1793 ከተመረመረ በኋላ ውድቅ ሆነ። ዳኛው በአሸናፊነት ወደ መንደሩ ተመለሰ።

ከዚያ ወዲያ ኩፐር ወደ ላይ ወጣ። ከ1795 እስከ 1797 የኮንግረስ አባል ሆነ፤ አንድ ጊዜ ወንበሩን ለጄምስ ኮክራን ለቀቀ፤ ከ1799 እስከ 1801 እንደገና ገባ። በሐይቁ ዳር ትልቅ ቤት አሠራ። ሚስቱ ኤልሳቤጥ ወደዚያ ዱር አገር መሄድን አልወደደችውም ነበር። ቤተሰቡ እንደሚተርከው በ1790 ከበርሊንግተን የሚነሡበት ቀን ደርሶ ከወንበሯ አልነሣም ስትል፣ ባልዋ ከነወንበሯ ብድግ አድርጎ ሠረገላው ላይ አስቀመጣት። ታሪኩን ሲያወሩ ይስቃሉ። እሷ መሳቅዋን የተናገረ የለም። በዕቅፍ ይዘውት ከሄዱት ልጆች አንዱ ገና አንድ ዓመት ያለፈው ጄምስ ነው፤ ስለ እሱ እመለስበታለሁ።

አሁን ደግሞ ስለ ሌላ ሰው ላውጋችሁ። ጄዲዳያ ፔክ ይባላል። ከኮኔቲከት የመጣ፣ በነጻነቱ ጦርነት የተዋጋ፣ መሬት የሚለካ፣ በየመንደሩ እየዞረ የሚሰብክ ሰው ነበር። ምላሱ ርቱዕ አይደለም፣ ልብሱም የገበሬ ነው። መጀመሪያ የኩፐር ሰው ነበር፤ በኩፐር ደጋፊነትም ከካውንቲው ዳኞች አንዱ ሆነ። በ1795 ኤሊሁ ፊኒ የሚባል አታሚ በኩፐር ጋባዥነት ወደ መንደሩ መጥቶ «ኦትሴጎ ሄራልድ» የተባለ ጋዜጣ ጀመረ። ፔክም በገበሬ የብዕር ስም እዚያ ላይ መጻፍ ያዘ። የሚጽፈው ስለ ጠበቆች ክፍያ፣ ስለ ፍርድ ቤት ወጪ፣ በዕዳ ስለሚታሰር ድሃ ነው። ሐሳቡ ባጭሩ ገበሬውም ማሰብ ይችላል የሚል ነው። በ1798 ለስቴቱ ምክር ቤት ተመረጠ።

በዚያው ዓመት ኮንግረሱ መንግሥትን በጽሑፍ የሚያጥላላ ሰው እንዲታሰርና እንዲቀጣ የሚያዝ ሕግ አወጣ። ፔክ ይህ ሕግ እንዲሻር የሚጠይቅ አቤቱታ ይዞ በየቤቱ እየዞረ ሰው ማስፈረም ጀመረ። ኩፐር ተቆጣ። ፔክ ከካውንቲ ዳኝነቱ እንዲሻር አደረገ፤ ወደ ፌዴራሉ ዐቃቤ ሕግም ጻፈ። በ1799 ፔክ ከቤቱ ተይዞ 200 ማይል ያህል ርቃ ወደምትገኘው ኒውዮርክ ከተማ ተወሰደ። ወንጀሉ አቤቱታ ማስፈረም ነው።

እስረኛው ባለፈበት መንገድ ሁሉ ሰው እየወጣ አየው። ያረጀ ወታደር፣ የመንደር ሰባኪ፣ የሕዝብ እንደራሴ፣ ወረቀት አስፈረምክ ተብሎ ታስሮ ሲሄድ። ጄቤዝ ሃሞንድ የተባለው የኒውዮርክ የፖለቲካ ታሪክ ጸሐፊ ከጊዜ በኋላ እንደ መሰከረው፣ ለተቃዋሚዎቹ ወገን መቶ ሰባኪ በመንገዱ ላይ ቢሰማራ ይህን ያህል አይሠራም ነበር። በ1800 ምርጫ ፔክ ተመልሶ አሸነፈ፤ ክሱም ሳይታይ ተተወ። በኦትሴጎ ደግሞ ዳኛው የሚለውን ሰምቶ የሚመርጠው ሰው ቁጥር እየሳሳ ሄደ። ኩፐር በዚያው ዓመት ዳኝነቱን ለቀቀ። በኮንግረስ የመጨረሻ ወራቱ ጄፈርሰንና በር እኩል ድምፅ አግኝተው ምክር ቤቱ 36 ጊዜ ድምፅ ሲሰጥ እዚያ ነበር፤ ጄፈርሰን ሲመረጥ አይቶ በ1801 ወደ ቤቱ ገባ።

እነዚያ ገበሬዎች ውለታ ቢስ ነበሩ ወይ? የኩፐር ወገኖች እንዲያ ሳይሉ አልቀሩም። እኔ ግን እንዲህ አየዋለሁ። የ1789ኙን በቆሎ የበላ ሰው ዕዳውን ከፍሏል፤ ደኑን መንጥሮ፣ ወለዱን ቆጥሮ፣ የኩፐርን መሬት ዋጋ በላቡ አሳድጎ ከፍሏል። ያልተጻፈው ዕዳ ግን መቼ እንደሚያልቅ አበዳሪው አይነግርህም። ባለ ዕዳው ራሱ አንድ ቀን አለቀ ካላለ አያልቅም። የኦትሴጎ ሰው አለቀ ያለው በ1800 ነው፤ ድንጋይ ሳይወረውር፣ በወረቀት።

የዳኛው የመጨረሻ ዓመታት ጥሩ አልነበሩም። በ1800 መስከረም የሚወዳት ልጁ ሐና ከፈረስ ወድቃ ሞተች። እሱ ወደ ሰሜን፣ ሴንት ሎረንስ ካውንቲ ሄዶ እንደ ኦትሴጎው ሌላ አገር ለማቅናት ሞከረ፤ መሬቱም ገዢውም እንደ ድሮው አልሆነለትም። በታኅሣሥ 22 ቀን 1809 ኦልባኒ ላይ ሞተ። ከፖለቲካ ስብሰባ ሲወጣ ተቃዋሚው ከኋላ በዱላ መትቶ ገደለው የሚል ታሪክ በሰፊው ይነገራል። በሕይወቱ ላይ ትልቁን ጥናት የጻፈውና በ1996 የፑሊትዘር ሽልማት ያገኘው የታሪክ ምሁር አለን ቴይለር ያንን ነገር መርምሮ፣ ወሬው የተነሣው ሰውየው ከሞተ ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ መሆኑንና በጊዜው የተጻፈ አንዳች ማስረጃ እንደሌለው አሳይቷል። ቤተሰብ አባቱ አልጋ ላይ ከሚሞት በጠላት እጅ ቢሞት የሚመርጥበት ጊዜ አለ።

ለስድስት ወራሾቹ ለእያንዳንዳቸው 50,000 ዶላር የሚገመት ሀብት ትቶላቸው ነበር፤ ያውም በወረቀት። አብዛኛው መሬትና ከሰው ላይ የሚሰበሰብ ዕዳ ነው። የ1812ቱ ጦርነት መጣ፣ የመሬት ዋጋ ወደቀ፣ የቆዩ ክርክሮች ተነሡ፣ ልጆቹም አኗኗራቸው ሰፊ ነበር። የጄምስ አራት ታላላቅ ወንድሞች እስከ 1819 ድረስ ተራ በተራ ሞቱ፤ የአባታቸው ትልቁ ቤትም ለዕዳ ተሸጠ። በመያዣ ጀምሮ በመያዣ ያለቀ ሀብት ነው። ከሱ መሬት የገዙት ገበሬዎች ግን ሰነዳቸው በእጃቸው ነበር።

የተረፈው ልጅ ጄምስ ፌኒሞር ኩፐር ደራሲ ሆነ፤ አገር ቤት «የመጨረሻው ሞሂካን» የሚለውን ፊልም ያየ ሰው ታሪኩን ያውቀዋል፤ የሱ ድርሰት ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1823 «አቅኚዎቹ» የሚል ልብ ወለድ አሳትሟል። በዚያ ውስጥ ማርማዱክ ቴምፕል የሚባል ዳኛ አለ፤ በሐይቅ ዳር ያለ መንደር ባለቤት፣ ደግ፣ ሕግ አክባሪ፣ ራሱን የሚወድ። አባቱን እንደሚመስል አንባቢ ሁሉ ተናግሯል። አንድ ሽማግሌ አዳኝ በተከለከለ ወቅት አጋዘን ገደልክ ተብሎ ቤቱ ሊፈተሽ ሲመጡበት ጠመንጃ ደግኖ ይከላከላል። ይህ ሽማግሌ ጥቂት ቀደም ብሎ የዳኛውን ልጅ ከአውሬ አፍ ያዳነ ነው። ዳኛው ውለታውን እያወቀ፣ ልቡ እየራደ፣ አንድ ሰዓት በአደባባይ እግሩ በግንድ እንዲታሰር፣ አንድ ወር እንዲታሰርና 100 ዶላር እንዲከፍል ይፈርድበታል። ልጁ እዚህ ላይ አባቱን በትልቅ ወንበር አስቀምጦታል፤ ውለታ ያለበት ዳኛው፣ ሕግ የሚፈርደው ደግሞ ውለታውን ተሻግሮ ነው። እውነተኛው ኦትሴጎ ውስጥ ነገሩ የተገላቢጦሽ እንደ ነበር እስካሁን ያነበባችሁት ይነግራችኋል።

ልብ ወለዱ ላይ የዳኛውን አገልጋዮች፣ ሸሪፉን፣ የመንደሩን ጠበቆች፣ ስግብግቡን ገበሬ ሁሉ ታገኟቸዋላችሁ። ፔክን የሚመስል ሰው ግን ፈልጌ አላገኘሁም። እሱን የማገኘው በሌላ ጽሑፍ ላይ ነው። በ1811 የኒውዮርክ ስቴት ሕዝብ ሁሉ የሚማርበት ትምህርት ቤት እንዴት ይቋቋም የሚለውን እንዲያጠና አምስት ሰዎች ያሉበት ጓድ ሲሰየም ሊቀ መንበሩ ጄዲዳያ ፔክ ነበር። በተከታዩ ዓመት በ1812 ሕጉ ወጣ። በዚህ ሕግ መሠረት እያንዳንዱ ቀበሌ በትምህርት ወረዳ ተከፋፈለ፤ ከስቴቱ ግምጃ ቤት የሚላከውን ገንዘብ ያህል የአካባቢው ሰው ከራሱ ግብር እንዲያዋጣ ተደነገገ፤ የትምህርት ቤቱንም ኃላፊዎች የሚመርጡት ነዋሪዎቹ ራሳቸው ሆኑ።